ጥሩው ጎማ ወደ ፊት

ጋሽ ኃይለልዑል ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ለንደን ኬኒንግተን ውስጥ፣ ከኦቫል ባቡር ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ የማዘጋጃ ቤት (የካውንስል) ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። መኪና የላቸውም። ዐይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃዳቸውን በገዛ እጃቸው በፖስታ መልሰው ከላኩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ይሁን እንጂ ከሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን መካከል መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ ከባንኩ ቀድሞ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። እሳቸውም ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በአውቶቡስ እየሄዱ ያዩለታል። ሞተሩን አስነሥተው ያዳምጣሉ፤ ከሥሩ ጎንበስ ብለው ይመለከታሉ፤ ከዚያ ወይ "ውሰደው" ወይ "ተወው" ይላሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ጋሽ ኃይለልዑል አይተውታል ከተባለ ነገሩ አልቋል፤ የሚቀረው ቄሱ ጠበል እንዲረጩት ብቻ ነው።

ይህ ክብር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድተዋል። ለንደን ከገቡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን በመኪናቸው ሰው አልጎዱም። በዚህ ይኮራሉ፤ ኩራታቸውን ግን በአፋቸው አያወሩትም። ሌላው የሚኮሩበት ነገር ንባብ ነው። አውቶቡስ በሚነዱበት ጊዜ ለሥራው ከሚበቃው በላይ እንግሊዝኛ አያነቡም ነበር። ጡረታ ሲወጡ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ገዙ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየማለዳው አንድ ገጽ ጋዜጣ ያነባሉ። የማያውቁትን ቃል ሳይፈቱ ገጽ አይገልጡም። አንዳንድ ቀን አንዱ ገጽ እስከ ምሳ ሰዓት ይወስድባቸዋል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ግን ሁሉንም አንድ ምክር ይመክራሉ። ጥሩው ጎማ ወደ ፊት ነው። ሁለት አዲስ፣ ሁለት አሮጌ ጎማ ያለው ሰው አዲሶቹን ከፊት፣ አሮጌዎቹን ከኋላ ያድርግ። ምክንያቱን ተጠይቀው አያውቁም፤ ቢጠየቁም የሚናገሩት አይመስለኝም።

ምክንያቱ ተክለአብ የሚባል ጓደኛቸው ነው። በ1971 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ላይ ሁለቱ ተከታትለው ስንዴ ሊጭኑ ወደ አሰብ ሲወርዱ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ፊት ፊት ይሄድ የነበረው የተክለአብ መኪና የግራ የፊት ጎማው ፈነዳ። መሪው ከእጁ ተነጠቀ። መኪናው መንገዱን ለቆ ገደሉ ውስጥ ገባ። ጋሽ ኃይለልዑል መኪናቸውን አቁመው፣ ድንጋይ ተገን አድርገው፣ በእጅና በእግራቸው ወረዱ። ሲደርሱ ተክለአብ አልነበረም፤ ማለትም ሬሳው እንጂ እሱ አልነበረም። መኪናው በጀርባው ተገልብጦ ተኝቷል። በዋዜማው ደሴ ከኋላ የተገጠሙለት አዲስ ጎማዎች ወደ ሰማይ ተገልብጠው ገና ይሽከረከሩ ነበር። እነዚያ አዲስ ጎማዎች ከፊት ቢሆኑ ኖሮ ተክለአብ በሕይወት ይኖር ነበር ብለው ያን ቀን ወሰኑ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ከአርባ ዓመት በላይም አብሯቸው ኖረ።

ባለፈው ኅዳር ልጃቸው ባርኮት ደወለችላቸው። ባርኮት አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከባሏ ከሌዊና ከስምንት ዓመቷ ልጃቸው ከኤዶም ጋር ክላፋም ትኖራለች። በስኮትላንድ ደጋ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ለስድስት ወር ልትሠራ ተስማምታለች። ሥራው እርጉዞችን በየቤታቸው እየዞሩ ማየትም አለበት፤ ቤቶቹ ደግሞ በየተራራው ላይ ነው ያሉት። ያላቸው ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር የቤተሰብ መኪና ነው፤ ያኔም አይተው "ውሰዱት" ያሉት ራሳቸው ጋሽ ኃይለልዑል ናቸው። አሁን የበረዶ ጎማና ለእሱ የሚሆን ቸርኬ፣ ማለት ጎማው የሚቀመጥበት ብረት፣ መግዛት ያስፈልጋል። መጥተው ይምረጡልን አለቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሦስቱም ሊሄዱ ነው።

ጋሽ ኃይለልዑል ልጆቻቸውን አንቱ እንዲሏቸው አድርገው ነው ያሳደጉት። ባርኮት ከእንግሊዝኛዋ ውስጥ ወጥታ "እርስዎ ካላዩት አልሄድም" ስትላቸው ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት። እሺ፣ የዚህ ሳምንት ቅዳሜ ጧት እንሄዳለን አሏት።

የሐብታሙ ጎማ ቤት ባተርሲ ነው፤ በባቡር ሐዲድ ሥር ካሉት ቅስት ቤቶች በአንዱ ውስጥ። ባቡር ባለፈ ቁጥር በግድግዳው የተሰቀሉት ጎማዎች ይንቀጠቀጣሉ። ሐብታሙ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሥራውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የተማረ፣ እዚህ ደግሞ ኮሌጅ ገብቶ እንደገና የተማረ ጎሚስታ ነው። የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ ያዩለት ጋሽ ኃይለልዑል ናቸው። ሲያገባም ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከባርኮትና ከሌዊ ጋር ሲገቡ ባያቸው ጊዜ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ከቢሮው ወንበር አውጥቶም አስቀመጣቸው። ወንበሩ ላይ ግን ሁለት ደቂቃም አልቆዩም።

መጀመሪያ የተነሣው የቸርኬው ጉዳይ ነው። ሌዊ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። መኪናው ላይ ካሉት ጋር እኩል ስፋት ያላቸውን፣ የሚያብረቀርቁትን መርጦ ነበር። ጋሽ ኃይለልዑል ጥቁሮቹን፣ ቁጥራቸው አንድ ደረጃ ያነሱትን የብረት ቸርኬዎች ከመደርደሪያው አስወረዱ። የሚያብረቀርቀውን መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በአንድ ክረምት ይበላዋል አሉ። ቸርኬው ሲያንስ ደግሞ ጎማው ወፈር ይላል፤ ጉድጓድ ቢገባ የሚመታው ጎማው እንጂ ብረቱ አይደለም። ፍሬኑን ችሎ መግባቱን ለማየት መኪናውን በክሪክ አንሥቶ አንዱን እንዲለካው ሐብታሙን አዘዙት። ልክ ገባ። ሐብታሙ ወደ ሌዊ ዘወር ብሎ "ይኸው!" የሚል ዓይነት ሳቅ ሳቀ።

ከዚያ ጎማው መጣ። ጋሽ ኃይለልዑል ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተጭነው ልስላሴውን አዩ፤ ብርድ ሲመጣ የሚደርቅ ላስቲክ በረዶ አይዝም። በጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት መኖሩን አዩ። የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩትን አራት ቁጥሮች መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሁሉም ደኅና ነበር። ችግሩ ሐብታሙ ዘንድ በዚያ ቁጥር የነበሩት ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። አከፋፋዩ የቀሩትን ሁለቱን የሚያመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ እነባርኮት ግን በሰባተኛው ቀን መንገድ ላይ ናቸው። ከዚህ ሌላ ከአንድ ደንበኛ የወረዱ፣ የሌላ ፋብሪካ ሥሪት የሆኑ፣ ግማሽ ዕድሜ የቀራቸው ሁለት የበረዶ ጎማዎች ነበሩት።

ሐብታሙ ጎማዎቹን እያየ፣ "ጋሼ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ…" ብሎ ጀመረ።

"አውቃለሁ። ጊዜ የለም። አዲሶቹን ወደ ፊት፣ እነዚህን ወደ ኋላ።"

ሌዊ ስልኩን አውጥቶ ሲያነብ ቆይቶ ነበር። ፈራ ተባ እያለ ኦንላይን አራቱም እኩል መሆን አለባቸው እንደሚሉ፣ ሌላ ቦታም ቼክ ማድረግ እንደሚቻል ተናገረ።

ጋሽ ኃይለልዑል ወደ ስልኩ ተመለከቱ። "ይኼ ኦንላይን የምትለው ሰውዬ የባቲን ቁልቁለት ወርዶ ያውቃል?" አሉት።

ባርኮት ሳቀች። ሐብታሙም ሳቀ። ሌዊ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሐብታሙ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ሌላ ሰው እንዲህ አድርግልኝ ቢለው አይሠራውም። በዚያው ወር አንድ እንግሊዛዊ ይህንኑ ጠይቆት አይሆንም ብሎ መልሶት ነበር። የዚያን ቀን ግን ከባድ ሥራ እንደያዘ ሰው ቀና ሳይል፣ አዲሶቹን ከፊት አሮጌዎቹን ከኋላ ገጥሞ ጨረሰ።

ማክሰኞ ዕለት ሌዊ ኬኒንግተን መጣ። የክላፋምን ቤት ቁልፍና ውኃ የሚጠጡ ሁለት አበቦች ሊያስቀምጥ ነው። ሻይ ጠጣ፤ ስለ መንገዱ ተጫወቱ። ሊወጣ ሲል ከቦርሳው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። የመኪናው መመሪያ ነው። መኪናው ውስጥ ቦታ እየያዘ ስላስቸገረ እሳቸው ዘንድ ይቆይ አለ። በመጽሐፉ መካከል ብርቱካናማ ጫፍ ያለው የባቡር ትኬት ተሰክቶ ነበር።

ጋሽ ኃይለልዑል የዋዛ ሰው አይደሉም። በሩ እንደተዘጋ ነገሩ ገባቸው። ይህ ልጅ ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነው አሉ፤ ቤቱ ባዶ ስለሆነ የሰማቸው የለም። መጽሐፉን አንሥተው ከጋዜጦቹ ሥር ቀበሩት። ማታ ቴሌቪዥን ሲያዩ ግን ዐይናቸው ወደዚያ የጋዜጣ ክምር ይሄድ ነበር።

ረቡዕ ጧት እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ሊያነሡ ሲሉ እጃቸው መጽሐፉን ይዞ ወጣ። ትኬቱ ያለበትን ገጽ ገለጡ። መዝገበ ቃላታቸውን አመጡ። ገጹ ረጅም አልነበረም፤ እሳቸው ግን እስከ እኩለ ቀን ቆዩበት።

መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። በዚህ መኪና ላይ አራቱም ጎማዎች በመጠን፣ በሥሪትና በመበላት እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የፊቱንና የኋላውን እግር የሚያገናኘው ማርሽ ያለማቋረጥ ይታገላል፤ በመጨረሻም ይበላሻል። ከኋላ ያሉት ከፊቶቹ ይልቅ ያለቁ ከሆነ ደግሞ በሚያዳልጥ መንገድ፣ በመታጠፊያ ላይ፣ ፊቱ መንገዱን ይዞ ሲቀር የኋላው ይከዳል፤ መኪናው ይሽከረከራል። ሾፌሩም ሊመልሰው አይችልም።

ሦስት ጊዜ አነበቡት። የኋላው ይከዳል። ኤዶም የምትቀመጠው ከኋላ ነው።

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ተሳቢ መኪና ከኋላው በየጎኑ ጎማው ድርብ ድርብ ነው፤ አንዱ ቢፈነዳ አጠገቡ ያለው ይሸከመዋል። ከፊት ግን በየጎኑ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥሩው ወደ ፊት መሄድ ነበረበት። ይህቺ መኪና ከፊትም አንድ አንድ ናት፣ ከኋላም አንድ አንድ ናት። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር። ቆሞ መቁጠር ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን በመኪና ሁሉ ላይ የሚያዩት የተክለአብን መኪና ነበር። ለስንቱ ሰው ይህንን ምክር እንደሰጡ ለማስታወስ ሞከሩና ተዉት።

ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ባተርሲ ሄዱ። ሐብታሙ ወንበር ሊያመጣ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

"ታውቅ ነበር?" አሉት።

ሐብታሙ ምኑን ብሎ አልጠየቀም። እጁ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት ማየት ጀመረ። አዎ ጋሼ አለ።

"እና ልጄን በዚያ ጎማ ለቀቅሃት?"

"በልጅዎና በአማችዎ ፊት እርስዎን ተሳስተዋል ልበል?" አለ ሐብታሙ። "ጋሼ፣ እኔ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልተኛሁም። ማታ ባርኮት ዘንድ ልደውል ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። እንግሊዛዊ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ እኮ በአንድ ቃል እመልሰው ነበር።"

ከላይ ባቡር አለፈ፤ ጎማዎቹ ተንቀጠቀጡ። ባቡሩ እንዳለፈ ጋሽ ኃይለልዑል የጎደሉት ሁለት አዲስ ጎማዎች ከዓርብ በፊት ሊገኙ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁት። ሐብታሙ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ስልኩን አነሣ። አምስት ቦታ ደወለ። አምስተኛው፣ ክሮይደን ያለ አንድ ጎማ ነጋዴ፣ የዚያው ፋብሪካ የዚያው ቁጥር ሁለት ጎማ እንዳለው ተናገረ። ሐብታሙ ኦርደር አደረገ፤ ሐሙስ ማታ ይገባል ተባለ።

ከዚያ ሐብታሙ ሌላ ነገር አመጣ። ለባርኮት እሱ ራሱ እንደሚደውልላት፣ ከአከፋፋዩ ያዘዝኩት ጎማ ሳይታሰብ ቀድሞ ደረሰልኝ እንደሚላት ነገራቸው። ዓርብ ይምጡና እቀይርላቸዋለሁ፣ እርስዎ የሚሉት ምንም የለም አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ደስታ ነበረ።

ጋሽ ኃይለልዑል እሺም እንቢም አላሉትም። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ። ሐብታሙ ዝምታቸውን እንደ እሺታ ወሰደው።

ሐሙስ ምንም አልሆነም። ሁለቱን አበቦች ውኃ አጠጡ። ከጎረቤት ጋር ስለ አሳንሰሩ መበላሸት ተነጋገሩ። መጽሐፉን አንድ ጊዜ ገልጠው ዘጉት። ዓርብ ማለዳ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለቅዳሴ የሚያደርጉትን ከረባት አሰሩ።

ጎማ ቤቱ ሲደርሱ እነባርኮት ቀድመው መጥተዋል። ኤዶም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስዕል ትስላለች። ሐብታሙ ተረቱን ጀምሮ ነበር፤ አከፋፋዩ እንዴት እንደደወለለት፣ ጎማውን የጫነው መኪና እንዴት በሌሊት ክሮይደን እንደደረሰ ይተርክ ነበር። ውሸት ያልለመደ ሰው ስለሆነ ያበዛው ነበር። ጋሽ ኃይለልዑልን ሲያይ ይባስ ብሎ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ።

"ሐብታሙ፣ ይብቃህ" አሉት።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ከዚህ በፊት ባርኮት አባቷን ጎማ ቤት ውስጥ ያለ ባርኔጣ አይታቸው አታውቅም።

"በጎማው የተሳሳትሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ሐብታሙ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ አፉን ዘጋሁት። ባልሽም ነግሮኝ ነበር፤ ቀለድሁበት። የኋላዎቹ ጎማዎች አይሆኑም። በረዶ ላይ ብትነዱት ይጥላችሁ ነበር።"

ባርኮት አባቷን አየች፤ ቀጥሎ ኤዶምን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ሄዳ ባርኔጣውን ከእጃቸው ተቀበለችና ያዘችላቸው።

ጋሽ ኃይለልዑል ከኮታቸው ደረት ኪስ ብርቱካናማውን ትኬት አውጥተው ለሌዊ ሰጡት። ሌዊ ትኬቱን ይዞ አንገቱን ደፋ።

"ሶሪ አባባ" አለ፤ "እንዴት እንደምነግርዎት ጠፍቶኝ ነው።"

"አፍ አለህ አይደለም? በሚቀጥለው በአፍህ ንገረኝ። ትኬቱ ደግሞ ደርሶ መልስ ነው፤ መመለሻው አልተቆረጠበትም፤ ገንዘብህን አባክነሃል።"

ሌዊ ቀና ሲል ፊታቸው ላይ ምንም የሳቅ ምልክት አላየም፤ ግን ሳቀ። ባርኮትም ፊቷን በባርኔጣው ከልላ ሳቀች።

ሐብታሙ መኪናውን አነሣ። የኋላዎቹን ቸርኬዎች አውርዶ፣ አሮጌዎቹን ጎማዎች አውልቆ፣ አዲሶቹን ገጠመባቸው፤ በማሽኑ አሽከርክሮም ሚዛናቸውን አስተካከለ። ሥራው አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደ። ጋሽ ኃይለልዑል አጠገቡ ቆመው አዩት። ወንበሩ አጠገባቸው ነበር፤ አልተቀመጡበትም። አራቱም ሲገቡ እየዞሩ እያንዳንዱን በጥፍራቸው ተጭነው፣ ቁጥሩን አነበቡ። አራቱም እኩል ናቸው።

ብሎኑ ሊጠብቅ ሲል ሐብታሙ ረጅሙን መፍቻ አቀበላቸው። ይህ መፍቻ ብሎኑ የሚበቃውን ያህል ሲጠብቅ ቀጭ ብሎ የሚናገር ነው። ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ይጨርሱት አላቸው። ጋሽ ኃይለልዑል ኮታቸውን አውልቀው ለሌዊ ሰጡ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ አንድ ጉልበታቸውን ካርቶን ላይ አሳርፈው የመጀመሪያውን ብሎን ያዙ። መፍቻው ቀጭ አለ። እሳቸው ግን በአሰብ መንገድ እንደለመዱት በሙሉ ክንዳቸው እንደገና ሊጨምሩበት ገፉ።

"ጋሼ" አለ ሐብታሙ።

ቀና ብለው አዩት። ባርኮትና ሌዊ አጠገቡ ቆመዋል፤ ኤዶምም ስዕሏን ትታ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታለች።

"ከድምፁ በኋላ አይጨምሩ፤ ብሎኑን ይጎዳዋል።"

ጋሽ ኃይለልዑል ለጥቂት ጊዜ ዐይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም። ከዚያ መፍቻውን አነሡና ከፊት ለፊቱ ወዳለው ብሎን አለፉ።